«ፈርመሃል» መባል ክስን ይዘጋል? ከሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ ጉዳት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። ከ14 ወር በፊት ሁለቱንም ዓይኖቼን በሌዘር (ላሲክ) ተሠራሁ። የቀኝ ዓይኔ የመነጽር ቁጥር ኔጌቲቭ 7.50 ነበር፤ በፊት በተሰጠኝ ወረቀት ላይ የብሌኑ ውፍረት 498 ይላል። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ በቀኝ ዓይኔ ፊደል ይደራረብብኛል፣ ማታ መብራት ይበተንብኛል፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ይደርቃሉ። ሌላ ሐኪም «ብሌንህ እየሳሳ ወደ ፊት እየወጣ ነው» አለኝ። የሠራኝ ክሊኒክ «ችግሩ በፈረምከው ቅጽ ላይ ተጽፏል» ካለ በኋላ «በነፃ እናስተካክልልህ» ብሎ አዲስ ወረቀት እንድፈርም ሰጠኝ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አዲሱን ወረቀት አይፈርሙ፤ በነፃ የተባለውንም ማስተካከያ አይቀበሉ። ሐኪሙ የነገረዎት ኤክታዥያ የሚባለውን ከሆነ፣ ብሌኑ (ኮርኒያ፣ የዓይን ፊት ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) የዓይንን የውስጥ ግፊት መሸከም አቅቶት እየተለጠጠ ነው ማለት ነው። ማስተካከያ የሚባለው ሁለተኛው ሌዘር ደግሞ ከዚያው ከሳሳው ብሌን ላይ ተጨማሪ ይልጣል። ይህ የሕክምናው በኩል ነው። በሕጉ በኩል፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ግርጌው አካባቢ «ከዚህ በኋላ በክሊኒኩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ዐረፍተ ነገር መያዙ የተለመደ ነው። ይህ የዕርቅ ውል ነው። ከፈረሙት ክሱ ሳይጀመር አለቀ።

የመጀመሪያው ፊርማ ግን እንዲህ ያለ ኃይል የለውም። የስምምነት ቅጽ የሚለው «ሥራው በአግባቡ ቢሠራም እንኳ ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት ተነግሮኝ ተቀብያለሁ» ነው። «በቸልተኝነት ብጎዳም ግድ የለኝም» አይልም፤ ቢል እንኳ በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት እንዲህ ያለውን አንቀጽ የብዙ አገር ፍርድ ቤቶች አይቀበሉትም። በአንጻሩ የውጤቱ መጥፎነት ብቻውን ሐኪሙን ጥፋተኛ አያሰኝም። ድርቀትም፣ የማታ ብርሃን መበተንም፣ የቁጥር መመለስም በጥሩ እጅ ከተሠራ ላሲክ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ በዋናነት የሚመዘነው ሌዘሩ በተተኮሰበት ዕለት በሆነው ሳይሆን ከዚያ በፊት በተወሰዱት ልኬቶች ነው። ዓይንዎ መጀመሪያውኑ ለላሲክ የሚሆን ነበር?

ይህን ወረቀትና እርሳስ ይዘው ራስዎ መገመት ይችላሉ። በላሲክ መጀመሪያ ከብሌኑ ላይ ፍላፕ የሚሉት ስስ ክዳን ይቆረጥና ይገለጣል፤ ከሥሩ ያለው አካል በሌዘር ይላጣል፤ ክዳኑ ይመለሳል። ክዳኑ ተመልሶ ቢተኛም የቀድሞ ጥንካሬውን አይሰጥም፤ ግፊቱን የሚሸከመው ከሥር የቀረው ብቻ ነው። የሚላጠው ጥልቀት በግምት የሚገኘው የሚላጠውን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ወስደን፣ በራሱ አባዝተን፣ በመነጽሩ ቁጥር አባዝተን ለ3 ስናካፍል ነው። ክቡ 6 ሚሊ ሜትር ከነበረ 6 ጊዜ 6 ጊዜ 7.5፣ ሲካፈል ለ3፣ 90 ማይክሮን ይሆናል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ ወረቀትዎ ላይ ያለው 498ም በማይክሮን ነው)። ክዳኑ 120 ማይክሮን ተብሎ ታቅዶ ከነበረ ከ498 ላይ 210 ተነክቷል፤ የቀረው 288 ነው።

የክሊኒኩ ጠበቃ እዚህ ላይ «ዝቅተኛው ወሰን 250 ነው፣ 38 ማይክሮን ትርፍ ነበረን» ማለቱ አይቀርም። 250 በእርግጥ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ቁጥር ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ግን 300ን ይመርጣሉ። ሌላም መለኪያ አለ። 210ን ለ498 ሲያካፍሉ 42 በመቶ ገደማ ያገኛሉ፤ ከ40 በመቶ በላይ የተነካ ብሌን፣ ቶፖግራፊው (የብሌኑ ቅርጽ ካርታ) ጤነኛ መስሎ በታየ ሰው ላይ እንኳ፣ ለኤክታዥያ የበለጠ እንደሚጋለጥ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። 40 በመቶ ሕግ አይደለም፤ በባለሙያዎች መካከልም ክርክር አለበት። ግን ክቡ 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተገኘ የተላጠው ወደ 106 ከፍ ይላል፣ የቀረው 272 ይሆናል፣ የተነካውም ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ክዳኑ በምላጭ (ማይክሮኬራቶም) ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ የታቀደውና የተቆረጠው ውፍረት ሊለያይ ይችላል። የተቆረጠውን ዛሬም ኦሲቲ በሚባለው (የብሌኑን ንብርብሮች በብርሃን በሚያሳይ) ምርመራ መለካት ስለሚቻል ያስለኩት።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ቶፖግራፊው፣ ያ ባለ ቀለም የብሌን ካርታ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሣው ካርታ ታችኛው ግማሽ ከላይኛው ይልቅ ወደ ቀይና ብርቱካንማ ካዘነበለ፣ ወይም የሁለቱ ዓይኖች ካርታ በግልጽ ካልተመሳሰለ፣ ገና ያልታየ ኬራቶኮነስ (ብሌኑ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት በሽታ) ሊኖር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። ኬራቶኮነስ ላለበት ዓይን ላሲክ አይሠራም፤ በዚህ ላይ የሚከራከር ባለሙያ አያገኙም። ወረቀትዎ ላይ ያለው 498 የመካከሉ ውፍረት ነው ወይስ የስስ ቦታው? ስስ ቦታው ከመካከሉ ወደ ታች ወርዶ ይበልጥ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ከምርመራው በፊት ኮንታክት ሌንስ ያደርጉ ከነበረም ያስታውሱ፤ ሌንስ የብሌኑን ቅርጽ ስለሚቀይር ለስላሳው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ጋዝ አስተላላፊው ጠንካራ ሌንስ 3 ሳምንት፣ የድሮው ጠንካራ ሌንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ መውለቅ አለበት። ያለዚያ ልኬቱ ራሱ አይታመንም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለክሊኒኩ በጽሑፍ የሕክምና ፋይልዎን ሙሉ ግልባጭ ይጠይቁ፤ ደብዳቤውን ያስረከቡበትን ማረጋገጫም ይያዙ። «ፋይሌን ስጡኝ» ብቻ ካሉ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይሰጥዎታል። በስም ይጥቀሱ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሡ የሁለቱም ዓይኖች ካርታዎች ከነቀናቸው (ከማሽኑ የወጣው ፋይል ጭምር)፣ የውፍረት ልኬት፣ በጨለማ የተለካ የጥቁሩ ቀዳዳ (ፑፒል) ስፋት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ዓመት የተለካ የመነጽር ቁጥር፣ የሌዘር ማሽኑ በዚያ ዕለት ያተመው የሥራ ወረቀት፣ የተሰጡ መድኃኒቶች መዝገብ፣ የስምምነት ቅጹ፣ የክትትል ማስታወሻዎች። የሌዘር ማሽኑ ወረቀት ላይ የገባውን ቁጥር ከመነጽር ማዘዣዎ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩት፤ የአስቲግማቲዝም (የብሌኑ ጉብታ በየአቅጣጫው እኩል አለመሆን) ዘንግ ተሳስቶ መግባት የታወቀ ስሕተት ነው።

ስለ ድርቀቱና ስለ ማታው ብርሃን ለብቻ ልመልስ፤ ምክንያቱም እነዚህ የአሠራር ሳይሆን የመነገርና ያለመነገር ጥያቄ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባካሄዳቸው የላሲክ ጥናቶች፣ ቀድሞ የድርቀት ምልክት ካልነበራቸው ተሳታፊዎች እስከ 28 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር ድርቀት ተናግረዋል፤ ቀድሞ የእይታ ምልክት ካልነበራቸው ደግሞ እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አዲስ ምልክት (መብራት ዙሪያ ቀለበት፣ መበተን፣ መደራረብ) ተናግረዋል። በዚህ ምክንያት ዕለታዊ ሥራው ክፉኛ የተቸገረ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ክሊኒኩ ይህችኛዋን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሐኪም በታካሚው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ቁም ነገር ብሎ የሚያየውን አደጋና ሊተኩት የሚችሉ አማራጮችን መንገር አለበት፤ በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ መርህ ይሠራል። ለእርስዎ አማራጭ ነበር፦ መነጽር፣ ኮንታክት ሌንስ፣ ለከፍተኛ ቁጥር ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ። እነዚህ ተነስተው ነበር? ማንስ ነው ያናገረዎት፣ ሐኪሙ ወይስ የሽያጭ ሠራተኛ?

ቅጹ ላይ የተጻፈውን ሰዓትም ይመልከቱ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ማረጋጊያ ክኒን መስጠት የተለመደ ነው። መድኃኒት መዝገቡ ላይ ክኒኑ 3፡10 ተሰጥቶ፣ ፊርማው 3፡40 ላይ ከሆነ፣ የፈረመው አእምሮ ደንዝዞ እንደነበር መከራከሪያ አገኙ። ከዚህ ክርክር ጋር ግን አንድ ሸክም ይመጣል፦ ቢነገረኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር ብለው ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። በመነጽር ደህና ይኖሩ ከነበረ ይቀላል፤ መነጽር የሚከለክል ሥራ ለመግባት ሲሉ ያደረጉት ከሆነ ይከብዳል።

ክሊኒኩ «ላሲክ ባይሠራም ይህ ሰው ኬራቶኮነስ ይይዘው ነበር» ብሎ መከራከሩን ይጠብቁ። ዓይንዎን ደጋግመው የማሸት ልማድ ካለዎትም ያነሱታል፤ ማሸት ብሌንን ስለሚጎዳ ለራስዎ ጠበቃና ለባለሙያ ምስክርዎ እውነቱን አስቀድመው ይንገሩ፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ሲሰሙት ነው ጉዳዩ የሚበላሸው። ባለሙያ ምስክርዎ ዓይን ሐኪም መሆኑ አይበቃም፣ የኮርኒያና የሌዘር ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ይሁን። ማስታወቂያቸው «100 በመቶ ዋስትና» ወይም «መነጽር ደኅና ሁን» ይል ከነበረ ሳይጠፋ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የተስፋ ቃል በውል ክርክር ይጠቅማል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሐኪሙን ስም እየጠሩ መጻፍ ግን የስም ማጥፋት ክስ ይዞብዎት ሊመጣ ይችላል።

ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በአብዛኛው የሚቆጠረው ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት አገር ሕግ ነው። በአንዳንድ አገር ከተሠሩበት ቀን፣ በሌላው ጉዳቱን ካወቁበት ቀን ይጀምራል፤ በጥንቃቄ ለመሄድ ከተሠሩበት ቀን ይቁጠሩት፣ 14 ወሩም ሄዷል። ለሙያ ተቆጣጣሪው አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ካሳ አይወስንም፣ ይርጋውንም በአብዛኛው አያቆምም፣ የሚሰጠው ውሳኔ ግን በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።

ክሱን ሲጠብቁ ሕክምናውን አያቆዩ። ለኤክታዥያ የሚሰጠው ክሮስሊንኪንግ ብሌኑን በራይቦፍላቪን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን አጠንክሮ መለጠጡን ለማስቆም ነው፤ የጠፋውን እይታ ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ተጎጂ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ ስላለበት፣ ያለ በቂ ምክንያት ካቆዩት ካሳው ላይ ሊቀነስብዎት ይችላል። ክሮስሊንኪንግ የብሌኑን ቅርጽ ስለሚለውጥ ግን ከመሠራትዎ በፊት፣ ከሠራዎት ክሊኒክ ውጭ በሆነ ቦታ፣ አዲስ ቶፖግራፊና ኦሲቲ ያስነሱ፤ ቀኑና የማሽኑ ስም ታትሞበት፣ ሐኪሙም ፈርሞበት ዋናውን ይውሰዱ።