የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከምልክቱ በፊት መቼቱን

ልቦለድን ስለ መተንተን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ከተማሪዎችም፣ ከጀማሪ ጸሐፍትም፣ መጽሐፍ አንብበው በቡድን ከሚወያዩ ሰዎችም ስለደረሱን የዚህ ወር ዐምዳችንን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹ ስለ ጭብጥ፣ ስለ ምልክትና ስለ መቼት በየፊናቸው የቀረቡ ቢሆኑም፣ በእኔ እምነት የአብዛኞቹ ችግር ከአንድ ቦታ ይነሣል። አንባቢው ታሪኩ የትና መቼ፣ በምን ዐይነት ሥርዐት ውስጥ እንደሚካሄድ፣ ማለትም መቼቱን፣ በቅጡ ሳይመረምር ትርጉም ፍለጋ ይቸኩላል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በፈተና የአንድ ልቦለድ ጭብጥ ምን እንደሆነ ተጠይቄ «ፍቅር» ብዬ ብጽፍ መምህሬ «ይህ ርእሰ ጉዳይ እንጂ ጭብጥ አይደለም» ብለው ግማሽ ነጥብ ሰጡኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ጭብጥ ማለት ታሪኩ የሚሰጠው ምክር ነው?

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ናቸው። ርእሰ ጉዳይ ታሪኩ የሚያነሣው ነገር ሲሆን፣ ጭብጥ ታሪኩ ስለዚያ ነገር በገፀ ባሕርያቱ ድርጊትና በግጭቱ አማካይነት የሚናገረው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ጭብጥ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ባለቤትና ማሠሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። «ፍቅር» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢሽ «ፍቅር ምን ሆነ? ማን ከለከለው? ስለ ምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ወደ ጭብጡ የሚያደርስሽም ለእነዚህ የምትሰጪው መልስ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚያውቀውን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚዋደዱት በጎጃም፣ የባላባት ልጅ ከድኻ ልጅ ጋር መጋባቷ ለቤተሰቧ ውርደት ሆኖ በሚቆጠርበት ዘመን ነው። እርሱ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሰጡት ልጅ ነው፤ እርሷ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። እስቲ ሁለቱን ከዚያ አንሥተሽ ዛሬ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ አስቀምጫቸው። ስለቱ እንደዚያ አያስጨንቅም፤ የዘር ቆጠራው ቢኖር እንኳ እርሷን ቤት ዘግቶ የማስቀመጥ ኀይል አይኖረውም፤ መጽሐፉ የቆመበት ግጭት ይናዳል ማለት ነው። ያን ግጭት የወለደው መቼቱ ከሆነ፣ የመጽሐፉ ሐሳብም ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ፍቅሩን ስለ ከለከለው ሥርዐት ጭምር መሆን አለበት። ጉዱ ካሣ ሥርዐቱን የሚተችባቸው ረጃጅም ንግግሮች፣ ፊታውራሪው ከገበሬዎቻቸው ጋር የሚገቡበት ጠብ፣ በዛብህ በስለቱ የሚጨነቅባቸው ሌሊቶች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ጭብጡን «ዘርንና ማዕረግን የሰው መለኪያ ያደረገ ሥርዐት የተጫናቸውንም የሚጠቀሙበትንም አብሮ ያጠፋል» ብዬ እጽፍ ነበር። አንቺ በሌላ ቃል ልታስቀምጪው ትችያለሽ፤ ዋናው ነገር ዓረፍተ ነገርሽ እነዚህን ሁሉ የመጽሐፉን ክፍሎች ማቀፍ መቻሉ ነው።

ምክርን በሚመለከት፣ ተረት መጨረሻው ላይ ምክሩን ራሱ ይነግርሻል። ልቦለድ ግን «እንዲህ አድርጉ» አይልም፤ «እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያሳያል። ጭብጥሽን ስትጽፊ «አለብን»፣ «ይገባናል» የሚሉ ቃላት ከገቡበት ከልቦለዱ ወጥተሽ ወደ ስብከት እየሄድሽ ሊሆን ስለሚችል መልሰሽ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ ነው፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። የልጅ ልጄ የድሮዋን አዲስ አበባ የሚተርኩ ልቦለዶች ስትገዛ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሠፈሩና መንገዱ የሚገለጽበትን ክፍል እየዘለለች ታነባለች። «ለታሪኩ አያስፈልግም፤ ደግሞም ቦታው አሁን የለም» ትለኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ በቅድሚያ የልጅ ልጅዎ በከፊል እውነት እንዳላት መናገር ይኖርብኛል። ደራሲው አገሩን ማወቁን ለማሳየት ብቻ የደረደረው የቦታ መግለጫ አለ፤ ቢዘለል ታሪኩ አይጎድልበትም። ይሁን እንጂ በጥሩ ልቦለድ ውስጥ መቼት ቦታን፣ ጊዜንና የኑሮን ሥርዐት በአንድነት የያዘ ነው፤ ገፀ ባሕርያቱ ምን ማድረግ እንደሚችሉና እንደማይችሉም የሚወስነው እርሱ ነው። በደርግ ዘመን በሚካሄድ አንድ ታሪክ ውስጥ «ሰዓት እላፊ ሊደርስ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ብትገባ ዘመኑ ምንም ቀን ሳይጻፍ ይታወቃል። ከዚያም ያልፋል፤ እንግዳው ሄዶ ቤቱ መግባት ስለማይችል ከማይወደው ሰው ጋር ያድራል፤ ያልታሰበ ወሬ ይወራል፤ ምሥጢር ይወጣል። ሰዓት እላፊውን የዘለለች አንባቢ ሁለት ሰዎች ለምን እስኪነጋ አብረው እንደቆዩ አይገባትም።

የቦታ መጠሪያም እንዲሁ ነው። ተራኪው «አብዮት አደባባይ» ካለ አንድ ዘመን ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ «መስቀል አደባባይ» ካለ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ነው፤ በአብዮቱ ዘመን «መስቀል አደባባይ» ማለቱን ያልተወ ገፀ ባሕርይ ካለ ደግሞ ስለ ልቡ አንድ ነገር እየነገረን ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» እና «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚሉትም በአንድ ግቢ ላይ የተለያየ ዘመን ያመለክታሉ።

ቦታው መፍረሱ ደግሞ መግለጫውን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው የነበሩ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ በአንድ ግቢ ተደጋግፈው የኖሩ ቤቶች፣ የጋራ የውኃ ቧንቧዎች አብረው ሄደዋል። በአንድ ልቦለድ ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች በጋራ ግድግዳ በኩል አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ያን ግድግዳ ያላየች ልጅ በአፓርታማ ልማዷ ስለምታነብበው የታሪኩ ሐሜት ከየት እንደመጣ ይጠፋታል። ስለዚህ እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል፦ አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ፤ የዘለለችው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ያቁሟትና በዚያ መተላለፊያ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ ማን ለማን መንገድ ይለቅ እንደነበር ይንገሯት። ከዚያ በኋላ ገፀ ባሕርያቱ እዚያ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ራሷ ታየዋለች።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ርግብ የሰላም፣ ዝናብ የሐዘን፣ ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው የሚል ዝርዝር አጥንቼአለሁ። ልቦለድ ስተነትን ዝርዝሩን ብጠቀም ስሕተት ነው?

መልስ፦ ዝርዝሩ ከመነሻነት አልፎ መልስ ሲሆን ስሕተት ይሆናል። ዝናብ በድርቅ ለተጎዳ ገበሬና በሐምሌ ጣሪያዋ ለምታፈስስባት የሠራተኛ ሠፈር እናት አንድ ዐይነት ትርጉም የለውም። ወይም ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አስብ። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ከቦታው አንሥተውት፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልቱ የድል ምልክት ነው ብለህ ከደመደምህ በኋላ በወረራው ዓመታት የሚካሄድ አጭር ልቦለድ ቢሰጥህ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሐውልቱ ይልቅ ባዶው ቦታ ነው የሚናገረው፤ በዚያ ሲያልፍ ዐይኑን ወደ መሬት የሚጥል ገፀ ባሕርይ ቢኖር ስለ ሐውልት አንዲት ቃል ሳይነገር ሁሉም ተነግሯል። ዝርዝርህ ይህን አያገኘውም፤ ዘመኑን የጠየቀ አንባቢ ግን ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ በፒያሳ ስለሚኖሩ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ አጭር ልቦለድ ጽፌአለሁ። በመጀመሪያው ትዕይንት ለአንዲት ሙሽራ ልብስ ይለካሉ፤ የደንበኞቻቸውን ልክ የሚጽፉበት የቆየ ደብተርም አላቸው። በሁለተኛው ሠፈሩ ሊነሣ ስለሆነ ሠራተኞች መጥተው ቤታቸውን ይለካሉ። በመጨረሻው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው፣ የስፌት መኪናቸው በበሩ ይገባ እንደሆነ ይለካሉ። ከዚያ አንዲት ነጭ ርግብ በመስኮቱ አጠገብ ስትበር አሳይቼ ጨረስሁ። ጓደኞቼ ርግቧ የተለጠፈች ናት አሉኝ። ያለ ርግቧ ግን ታሪኩ ምልክት አይኖረውም ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ጓደኞችዎ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪክዎ ምልክት የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከላኩልን ገጾች ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሠራተኞቹ ቤቱን ሲለኩ «ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ቆመው ያዩአቸው ነበር» ይላል። ምልክትዎ እዚህ አለ፤ ሜትሩ ነው።

በመጀመሪያው ትዕይንት ሜትሩ በእጃቸው ነው፤ የሚለኩት ልጅነቷን የሚያውቁትን ሙሽራ ነው፤ ልኳን ሲይዙ ለደስታዋ እየሠሩ ነው። በሁለተኛው ሌላ ሜትር፣ ብረት የሆነ፣ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፤ የሚለካው የእርሳቸው ኑሮ ነው፤ የራሳቸው ሜትር ግን አንገታቸው ላይ ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሏል። በሦስተኛው እንደገና እጃቸው ላይ ወርዷል፤ ሆኖም አሁን የሚለኩት የገዛ ሕይወታቸው ሌላ ሰው በሠራው በር ይገባ እንደሆነ ነው። አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ በተመለሰ ቁጥር ትርጉሙ ተለወጠ፤ የመጣውም ታሪኩ በሚዞርባቸው ቦታዎች ላይ ነው። አንባቢ አንድን ነገር ምልክት ነው ለማለት የሚያበቃው ይህ ነው። ርግቧ ግን አንድ ጊዜ መጥታ ሄደች፤ ከፒያሳም፣ ከስፌትም፣ ከሽማግሌው ጋርም ምንም አያገናኛትም፤ የመጣችው ከላይኛው ጠያቂያችን ዝርዝር ነው። አውጧት።

ስለ ደብተሩ ደግሞ ልለምንዎ። በመጀመሪያው ትዕይንት ከፍተውት በኋላ ረስተውታል። እኔ እንደማየው የታሪክዎ ልብ እዚያ ነው፤ የሠፈሩ ሰው ትከሻና ወገብ ሁሉ የተጻፈበት ደብተር ሰዎቹ በየአቅጣጫው ከተበተኑ በኋላ ምን ይሠራል? በአዲሱ ቤት ሽማግሌው ደብተሩን የት እንደሚያስቀምጡት ብቻ ያሳዩን፤ አይግለጹልን። ያን ጊዜ ጭብጥዎ፣ ማለትም ሰው ከሠፈሩ ሲነሣ ከቤቱ ሌላ ልኩን የሚያውቁለትን ሰዎችም እንደሚያጣ፣ ማንም ሳይናገረው ይወጣል። ይህ ታሪክ በፒያሳ መሆኑም የግድ የሚሆነው በዚያ ነው፤ መኖሪያና መሥሪያ አንድ ክፍል በሆነበት፣ ደንበኛ በእግሩ በሚመጣበት ሠፈር ነው እንዲህ ያለ ደብተር የሚሞላው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ቤቱን የሚለካው ወጣት በረቂቅዎ ውስጥ አንድም ቃል አይናገርም። የጨካኝ ሥዕል ብቻ ሆኖ ከቀረ ታሪኩ ወደ ክስ ጽሑፍ ይወርዳል። ምናልባት የሚለብሰውን ሱሪ አይተው ሽማግሌው ማን እንደሰፋው ይጠይቁት ይሆናል፤ እርስዎ ያውቁበታል።

ጥያቄ፦ በየወሩ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ተሰብስበን መጽሐፍ እንወያያለን። ሁልጊዜ «ደራሲው ይህን አስቦ ነው?» በሚል ክርክር እንጨርሳለን። እንዴት እንለየው?

መልስ፦ ደራሲው ያሰበውን ማረጋገጥ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ መጽሐፉ የሚለውን ግን ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ የጥያቄውን አቅጣጫ ለውጡት፤ ትርጉም ያቀረበ ሰው ሁሉ ገጹን ይጥቀስ፣ ዓረፍተ ነገሩን ያንብብ፣ ያም ነገር ሌላ ቦታ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ያሳይ። አንድ ትርጉም አንዷን ገጽ ብቻ አስረድቶ ከቀሪው መጽሐፍ ጋር ከተጋጨ ተዉት፤ ሁለት ትርጉሞች መጽሐፉን እኩል ካስረዱ ሁለቱንም ያዙ። ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ታሪኩ የሚካሄድበትን ቦታ፣ ዘመንና በዚያ ዘመን ማን ማንን መጠየቅ ወይም መከልከል ይችል እንደነበር በግማሽ ገጽ ጽፎ ይምጣ፤ ውይይቱንም ከዚያ ጀምሩ።