«ያላየኋቸውን ሰዎች ቤተሰቤ ልበላቸው?»

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ሲሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የዲግሪ ትምህርቴን እከታተላለሁ። ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ሴት መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ በአካባቢዬ ላለ ሰው ግን ተንፍሼ አላውቅም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ኢትዮጵያውያን በኢንተርኔት የሚወያዩበት አንድ ቡድን ውስጥ ገብቼ እዚያ እፎይ ማለት ጀምሬያለሁ። ከመካከላቸው «እታለም» የምላት ታላቅ እኅት አግኝቻለሁ፤ ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ መድኃኒቴን የምወስድበትን ሰዓት እየጠበቀች «ዋጥሽ?» ብላ ትጽፍልኝ ነበር። እናቴ በበኩሏ እስካሁን ያላገባሁት ዓይነ ጥላ ቢኖርብኝ ነው ብላ ጸበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች፤ በጥር ደግሞ ሽማግሌ ይመጣል እየተባለ ነው። ያላየኋቸውን ሰዎች ቤተሰቤ ማለቴ ራሴን ማታለል ይሆን? አንዳንዶቹ ባሕር ዳር እንገናኝ ይሉኛል፤ ልሂድ?

እ. ነኝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ እኅቴ፣ ራስሽን አላታለልሽም። ቤተሰብ በደም ብቻ እንደማይቆም ካንቺ አገር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በጎጃም ጡት ተጣብተው እናትና ልጅ የሆኑ፣ ክርስትና አንስተው አበልጅ የተባሉ፣ በየወሩ ጽዋ እየጠጡ በሐዘኑም በደስታውም አብረው የሚቆሙ ሰዎች ዘመድነታቸውን የሚጠራጠር ሰው የላቸውም። እነዚህን ሁሉ ዘመድ ያደረጋቸው በክፉ ቀን መገኘታቸውና የተጣለባቸውን አደራ መጠበቃቸው ነው። በትኩሳት ለተኛሽው ለአንቺ «ዋጥሽ?» ብላ የጻፈችልሽ ሴት የሠራችው የዘመድ ሥራ ነው፤ ፊቷን አለማየትሽ ይህን አያፈርሰውም።

እንዲያውም እንዳንቺ ላለ ሰው እንዲህ ያለው ዘመድ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ ምክንያት ውጭ የሚገለል ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ መገለሉን አብረውት የሚሸከሙ ወላጆችና ወንድሞች ያገኛል፤ አንቺ ግን ብቻሽን የሆንሽው በገዛ ቤትሽ፣ ከሚወዱሽ ሰዎች መካከል ተቀምጠሽ ነው። የእናትሽ ፍቅር እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም የማታውቀውን ሸክም ልታግዝሽ አትችልም። ያንን ሸክም ከአንቺ ቀድመው የተሸከሙ፣ ሽማግሌ ሲመጣባቸው ምን እንደመለሱ፣ የመጀመሪያውን ፍቅር እንዴት እንደተሰናበቱ ወይም እንዴት እንደያዙት የሚነግሩሽ ሰዎች ማግኘትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህም ልታፍሪ አይገባም።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ አደጋው በግልጽ መናገር አለብኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 630 በተዘረዘሩት ከባድ ሁኔታዎች ደግሞ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሁለቱም አንቀጾች የሚናገሩት ስለ ድርጊት እንጂ በልብ ስላለ ዝንባሌ አይደለም፤ ሰፈርተኛና የሥራ ባልደረባ ግን ይህን ልዩነት አይጠብቁም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እያወጡ ጥቃት እንዲደርስባቸው የሚቀሰቅሱ ቪዲዮዎች በተሠራጩ ጊዜ፣ ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ኢትዮጵያውያን መብት የሚከራከረው ድርጅት ኩባንያው እርምጃ እንዲወስድ በይፋ ጠይቆ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ለወዳጅ ብቻ ብለን የላክነው አንድ ፎቶ ከእጃችን ከወጣ በኋላ የት እንደሚያርፍ መወሰን እንደማንችል ነው።

ስለዚህ ቡድንሽን በአንድ ነገር መዝኚው፤ ያስቸኩልሻል ወይስ ይታገሥሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ የምታስተምሪበትን ትምህርት ቤት ሳይጠይቅሽ አብሮሽ የቆየ ሰው ሊታመን ይችላል። በሳምንቱ ፎቶ የሚለምን፣ «ካላመንሽኝ አትወጂኝም» የሚል፣ ወይም ካንቺ ምስጢር ሰምቶ ሲያበቃ የራሱን የማይነግርሽ ሰው ግን ምንም ያህል አንደበቱ ቢጣፍጥ ራቂው። አንዳንዱ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ምስጢር ከሰበሰበ በኋላ ገንዘብ ካልሰጠሽኝ ለቤተሰብሽ እናገራለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ አትክፈዪ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሁለተኛውን ይጠራልና። የላከልሽን መልእክት አስቀምጠሽ፣ ሰውየውን ዘግተሽ፣ ለእታለም በዚያው ቀን ንገሪያት። ብቻሽን መደንገጥሽ የሚጠቅመው እርሱን ነው።

በስልክሽም ላይ የምታስተካክዪው ነገር አለ። በቴሌግራም የግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊ፤ በቁጥርሽ ፈልጎ ሊያገኝሽ የሚችለውንም ሰው ገድቢ፤ በስልክሽ የመዘገብሻቸው ስሞች ወደ መተግበሪያው እንዳይጫኑም ከልክዪ። ይህን ካላደረግሽ የርእሰ መምህሩ ስልክ ያንቺን አካውንት ሊያሳየው ይችላል። በቴሌግራም ቡድኖች የሚጻፈው ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተመሰጠረ ስላልሆነ የሆድ የሆድሽን የምትጫወቺው ሲግናል በተባለው የመልእክት መተግበሪያ ቢሆንና መልእክቶቹም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ ብታደርጊ ይሻላል። ስልኩን ደግሞ ታናናሾችሽ በማያውቁት ቁጥር ቆልፊው።

ጎጃም ላለ ሰው ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያ ወቅት ዘመዶቹ ሁሉ በስልኩ ውስጥ የነበሩ ሰው በአንድ ሌሊት ያለ ዘመድ ቀረ። ከቡሬ አካባቢ የጻፈልኝ ወጣት ያንን ጊዜ ያለፈው የሁለት ጓደኞቹን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዞ ስለነበረ ነው። ተራው የስልክ ጥሪ በሠራ ቀን ይደውላል፤ አጎቱ አጠገቡ ስለሚቀመጡ «እንደምን ሰነበትህ? ከብቱ ደኅና ነው? ዝናቡስ?» ከመባባል ሌላ አይነጋገሩም ነበር። ያ ግን በቅቶት ነበር፤ ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ጥያቄውም ከምን እንደመጣ ያውቃልና። አንቺም የእታለምን ቁጥር በቃልሽ ያዢ፤ ሰው አጠገብሽ እያለ ስትደውል የምትለዋወጡትንም ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ባሕር ዳርን በተመለከተ፣ እንዳትሄጂ አልልሽም። ሰው ሰውን በዓይኑ ማየት ያምረዋል፤ ለአንቺም ይገባሻል። ነገር ግን መጀመሪያ ከእታለም ጋር በቪዲዮ ተያዩ፤ እርሷ በአካል የምታውቀው ሰው ከሌለበት የመጀመሪያው ጉዞሽ አይሁን። ቀጠሮው በቀን፣ ጣና ዳር ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን እንጂ በሆቴል ክፍል ወይም በሰው ቤት አይሁን። የመጓጓዣሽን ራስሽ ክፈዪ፤ በፈለግሽው ሰዓት ተነሥተሽ እንድትመለሺ። በመንገድ ላይ ፍተሻ ሊያጋጥም ስለሚችል ስልክሽን ከመነሣትሽ በፊት አጽጂው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ቀጠሮውን አስተላልፊ፤ ቤተሰብ የሚሆኑሽ ከሆኑ በዚህ አይቀየሙሽም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ስለሆነ የሚድን ሕመም እንዳለብሽ አድርገሽ አታስቢ። እምነትሽ ከሆነ ጸበሉን ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ አብሮ መጓዝ በራሱ መልካም ነው። በዚያ ስፍራ ግን ጉዳይሽን ለአጥማቂም ሆነ ለሌላ ሰው አትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን የምትኖሪው በእርሷ ቤት እስከሆነና ነገሩ ቢከፋ የምትጠጊበት እስካላገኘሽ ድረስ አሁን ንገሪያት ብዬ አልመክርሽም። ይህ ውሸታም አያሰኝሽም፤ የራስን ገበና መቼና ለማን እንደሚገልጡ መወሰን የባለቤቱ መብት ነው።

ለሽማግሌዎቹ «የጀመርሁትን ትምህርት ሳልጨርስ ትዳር አልይዝም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ለጊዜውም ይበቃል። ሆኖም ጥር እስኪገባ አትጠብቂ፤ እናትሽ በሰው ፊት እንዳታፍር አስቀድመሽ ለብቻዋ ሆና ንገሪያት፤ ቃሉን ለአባትሽ ወገን እርሷ ታድርስልሽ። ደመወዝሽንም ከአሁን ጀምሮ በራስሽ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር አስቀምጪ።