ዓይን ሳይከድን የሚያደነዝዘው ኬታሚን፦ ጥያቄና መልስ

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ኬታሚን አንጎልን ምን እንደሚያደርግ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኬታሚን ተወግቶ ዓይኑ እንደተገለጠ ነበር። ሕመሙ ይሰማው ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዓይን መገለጡ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ታካሚው ይተነፍሳል፣ ምራቁን ይውጣል፣ የዓይኑ ብሌን ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ምላጩ ሲያርፍበት ግን አያውቅም። ፕሮፖፎል የተባለው ሌላው ማደንዘዣ አንጎልን ያስተኛል፤ ኬታሚን ግን በዋናነት ኤንኤምዲኤ የተባለውን፣ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚቀበለውን ተቀባይ ዘግቶ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይግባቡ ያደርጋል። በአንጎል ሞገድ ላይም ጋማ የተባለው ፈጣን ሞገድ ይጎላል። በዚህ የተነሳ የሰመመንን ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ በሚገባ የደነዘዘውን ሰው እንደ ነቃ ሊቆጥረው ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መድኃኒት መጨመርን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ሲነቁ የሚቃዡትስ?

መልስ፦ ያጋጥማል፤ ከሕፃናት ይልቅ በአዋቂዎች ላይ ይበዛል። ሚዳዞላም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ይቀንሰዋል። አስቀድሞ ለታካሚው በእርጋታ መንገርም ይረዳል፤ ብዙዎቻችን የምንዘለው ግን ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ክልክል ነው ይባላል።

መልስ፦ የቆየ ትምህርት ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተፈራውን የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመር አላሳዩም።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል። አንጎሏን ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ ስጋቱ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1999 ኬታሚንን ጨምሮ የኤንኤምዲኤ ተቀባይን የሚዘጉ መድኃኒቶች የአይጥ ግልገሎችን የነርቭ ሴሎች እንደሚገድሉ ከታየ በኋላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከሦስት ሰዓት ያለፈ ወይም የተደጋገመ ማደንዘዣን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንድ አጭር ቀዶ ሕክምና ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሰመመን ያገኙ ሕፃናት አምስት ዓመት ሲሞላቸው የማሰብ ችሎታቸው እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የተጠናው በትንፋሽ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሴቮፍሉሬን እንጂ ኬታሚን አልነበረም፤ ቢሆንም ያጽናናኛል። አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና በዚህ ፍርሃት አይዘግይ።

ጥያቄ፦ ለድባቴ ይረዳል ሲሉ ሰማሁ። ራሴ ብሞክረውስ?

መልስ፦ አይሞክሩት! መርዳቱ እውነት ነው፤ በጥናቶቹ 0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ሲሰጥ አንዳንዶች በሰዓታት ውስጥ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ከአንድ መጠን የሚገኘው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይከስማል፤ ሲሰጥም የደም ግፊት ስለሚጨምር ክትትል ይፈልጋል። ያለ ሐኪም ያዘወተሩት ሰዎች የሽንት ፊኛቸው ተጎድቶ በየደቂቃው ሽንት ቤት ሲመላለሱ ይታያሉ።