ሃሙርን በፎገራ ኩሬ?

ጥያቄ፦ ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርቼ ወደ ፎገራ ተመልሻለሁ። 10 በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሆነ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ ከጨመርኩበት ዓመት አለፈኝ፤ ዓሣው ግን ከመዳፍ አልበልጥ አለ። እዚያ ሃሙር የሚሉት የባሕር ዓሣ ምን ያህል እንደሚወደድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጫጩቱን አስመጥቼ፣ ውኃው ላይ ጨው ጨምሬ ባረባውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨዉን ማሰብዎ ራሱ ደግ ነው፤ ብዙው ሰው ዓሣ ውኃ ካገኘ የትም ይኖራል ባይ ነው። እስቲ እናስላው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የኩዌቱ ከዚያም ይበልጣል። የእርስዎ ኩሬ 200 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሲባዛ 7,000 ኪሎ፣ 70 ኩንታል ጨው! ኩሬው ሲሰርግ ደግሞ ጨዉ የሚወርደው ወደ ሩዝ ማሳዎ ነው፤ ወይም ወደ ጎረቤትዎ፣ እሱ የባሰ ነው።

ያለ ጨው ደግሞ ሃሙር አይዘልቅም። በባሕር ውስጥ ውኃ ከገላው እየወጣ ስለሚያልቅበት ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ቆሮሶ ግን ውኃው ራሱ ወደ ገላው ስለሚሰርግ ሲሸና ይውላል። አንዱን በሌላው ቤት ማኖር አይቻልም።

ጨዉ በነፃ ቢገኝ እንኳ እኔ አልመክርዎትም። ሃሙር አዳኝ ነው፤ አንድ ኪሎ ሥጋ እንዲያወጣ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ትናንሽ ዓሣ ይፈልጋል። ጫጩቶቹም በመጠን ካልተለዩ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ቆሮሶ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ያድጋል፤ የዶሮ ኩስ ውኃውን አረንጓዴ ካደረገለትም ግማሽ ቀለቡን ራሱ ይለቅማል።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግርዎ ልምጣ። ዓሣዎ ከመዳፍ ያልበለጠው ዘሩ ከፍቶ ሳይሆን ስለተባዛ ይመስለኛል። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወሩ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ አብዛኛው ይተርፋል። 400 ብቻ ጨምረው ቢሆን እንኳ ዛሬ ሺዎች አሉዎት፣ ያው ፉርሽካ ለሁሉም ይካፈላል። አሜሪካኖች ብሉጊል የሚሉት፣ በመጥበሻ ልክ ነው የሚባልለት የኩሬ ዓሣ አላቸው፤ እሱም ያው በሽታ አለበት። እነሱ ባስ የሚባል አዳኝ ይጨምሩበታል። የእኛው አዳኝ አምባዛ ነው።

እንግዲህ ኩሬውን ያጉድሉና ዓሣውን በመረብ ያውጡ። አንድ በአንድ በእርጥብ እጅ ይያዙና ሆዱን ወደ ላይ ያዙሩት። ከፊንጢጣው ኋላ ትንሽ ጉብታ አለች። ጫፏ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለች ወንድ ነው፤ ከእሷ ሌላ አግድም ስንጥቅ ካለ ሴት ናት። ካልታየዎት የምግብ ቀለም ጠብ ቢያደርጉበት ስንጥቁ ይጎላል። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ይሳሳታሉ፤ ከዚያ እጅዎ ይለምዳል። ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ 400 ወንድ ብቻ ይመልሱ፣ በካሬ ሜትር ሁለት ማለት ነው። ሴቶቹን ይብሏቸው፣ ይሽጧቸው፤ ደቃቃውን አድርቀው ፈጭተው ለዶሮ ይስጡ።

መለየቱ መቶ በመቶ አይሆንም፤ የሚፈለፈለውን ጫጩት እንዲበላ 40 ያህል አምባዛ ይጨምሩ። ሲጨመር ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ ከበለጠ የሚበላው ያሳደጉትን ነው። የአምባዛ ጫጩት ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቁ። ፎገራ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል እንደ ቆላው ፈጥኖ ያድጋል ብለው አይጠብቁ፤ በብርድ ጠዋት ቀለብ አይበትኑለት፣ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀው በኋላ ይስጡት።

የማፍሰሻ ቱቦውን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። ዙሪያውንም ዝቅ ያለ አጥር ይጠሩ፤ አምባዛ በዝናብ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በሆዱ እየተሳበ መንገድ ይጀምራል።