ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስለሌለ ርዕስሽን አትቀይሪ

እህቴ፣ የመመረቂያ ጥናትሽን በሸረሪት የስሜት ሕዋሳት ላይ ልትሠሪ አስበሽ፣ ዲፓርትመንታችሁ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን የሚያሳይ መሣሪያ) ስለሌለው «ርዕስ ልቀይር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና መኮንንነት፣ ስለ ወንድምሽ ገንዘብና ስለ እንግሊዝኛሽም አንስተሻል። ጥሩ ጥያቄ በመሣሪያ እጦት ሲጣል ስለሚያንገበግበኝ ግን አብዛኛውን ቦታ ለርዕስሽ ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ ማሽተትንና መስማትን ለያያቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው አርጂዮፔ ብሩኒኪ የተባለው ሸረሪት ወንዱ የሚያሸተው እግሮቹ ላይ ባሉ፣ ዙሪያቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተበሳሳ ፀጉሮች መሆኑን አሳዩ፤ ሴቷ ላይ እነዚህ ፀጉሮች የሉም። ያንን ቀዳዳ ያለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አታዪውም። ስለዚህ ማሽተቱን ለማስተርስ አቆዪው።

መስማቱ ግን በእጅሽ ነው። ሸረሪት ጆሮ የላትም፤ የአየሩን እንቅስቃሴ በእግሯ ቀጫጭን ፀጉሮች፣ የወለሉንና የድሩን ንዝረት ደግሞ መገጣጠሚያዋ አጠገብ ባሉ ስንጥቆች ትለያለች። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጠናችው ዘላይ ሸረሪት ፊዲፐስ ኦዳክስ ከ3 ሜትር በላይ ርቀት የመጣ ድምፅ ትሰማለች፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ያለ (በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ወፍራም) ድምፅ ስትሰማም ባለችበት ድርቅ ትላለች። ቤት ግድግዳ ላይ ዝንብ የሚያድኑት የእኛዎቹስ? ጥያቄሽ ይህ ይሁን።

ከአንድ ዝርያ 20 ያህል ያዢ። የስልክ ስፒከር 80 ኸርዝ አያወጣም፤ ትልቅ የባስ ስፒከር ተዋሺ። ስፒከሩና ሸረሪቷ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ የምትለኪው የጠረጴዛውን ንዝረት ነው፤ ለየብቻ አድርጊያቸው፣ ከማስቀመጫዋ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አንጥፊ። ማስቀመጫዋ ጎኑ ስስ መረብ ይሁን፤ በብርጭቆ ከዘጋሽው ፀጉሯን የሚያንቀሳቅሰው አየር አይደርሳትም። ይህንኑ ለማጣሪያ ተጠቀሚበት፦ በተወሰኑ ሙከራዎች ብርጭቆ ድፊበት፤ ምላሹ ካልቀነሰ የወለሉን ንዝረት ጠርጥሪ። ዘላይ ሸረሪት ዓይኗ ስለት ነው፤ የስፒከሩን መርገብገብ እንዳታይ ስስ ጨርቅ ጋርጂበት። ድምፁን ቀስ አድርገሽ አስገቢው፤ በድንገት ሲከፈት «ጧ» የሚለው ራሱ ያስደነግጣታል። ለእያንዳንዷ 80 ኸርዝ፣ 2000 ኸርዝና ዝምታን በዕጣ ቅደም ተከተል አሰሚ፤ እንዳትለምደው በየመሃሉ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ሁሉንም በቪዲዮ ቅረጪ፤ ድርቅ ያለችባቸውን ጊዜያት የቪዲዮውን ድምፅ አጥፍቶ፣ የትኛው ድምፅ የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ጓደኛሽ ይቁጠር። ሲያልቅ ጥቂቶቹን ዝርያቸውን ለማስለየት 75 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጪ፤ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈሽ ብልቃጡ ውስጥ ክተቺ። ይህ ጥናት መስማቷን ያሳያል እንጂ በየትኛው ፀጉር እንደምትሰማ አያሳይም፤ ከዚያ አልፈሽ አትጻፊ።

አባትሽ «ሸረሪት እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው፤ ሸረሪት የሚል የሥራ ማስታወቂያ አታገኚም። ቀጣሪ የሚፈልገው ግን ከላይ የዘረዘርኩትን ነው፤ መለካት፣ ማጣራት፣ መመዝገብ። ጤና መኮንንነት አንቺ ሳትፈልጊው የምትገቢበት ሥራ አይደለም፤ ታማሚው ይጎዳል። ወንድምሽ ዱባይ ለፍቶ ያጠራቀመውን ለውጭ አገር ማስተርስ እከፍላለሁ ማለቱንም አትቀበዪ፤ ቢያዝንም ይዘን። ላብራቶሪ ረዳት ሆነሽ ሁለት ዓመት ሥሪ፣ ከዚያ ደመወዝ ወይም ስኮላርሺፕ ላለው ቦታ ብቻ አመልክቺ። እኔም የገባሁት በረዳትነት በር ስለሆነ ወደዚያ ማድላቴን ዕወቂው።

እንግሊዝኛሽ የሚሻሻለው የሙከራ አሠራርሽን በየሳምንቱ በመጻፍ ነው።

አማካሪሽ ዘንድ ስትሄጂ ጥያቄሽን፣ ማጣሪያዎቹንና የዕቃዎቹን ዋጋ በአንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ።