«400 ጊዜ አየሁት» ወይስ «400 እጥፍ አጉልቼ አየሁት»?

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የቤተ ሙከራውን ሥራ ሳስረዳም ሆነ ተማሪዎቼ ያዩትን ሲነግሩኝ የምንግባባው በአማርኛ ነው። በቅርቡ አንዲት ተማሪ «የሽንኩርት ህዋሳቶችን በአጉሊ መነጽር 400 ጊዜ አየሁ» ብላ ጻፈች። ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ልክ አልመሰለኝም። እንዴት ይታረም?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በአማርኛ ቁጥርና «ጊዜ» ተከታትለው ከግስ በፊት ሲመጡ የሚቆጥሩት ድርጊቱ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ነው። «ሦስት ጊዜ ጠራሁት» ያለ ሰው ደጋግሞ መጥራቱን ይናገራል እንጂ ድምፁን ምን ያህል ከፍ እንዳደረገ አይናገርም። የተማሪዎ ዐረፍተ ነገርም እንደተጻፈው ከተነበበ ህዋሱን የማየቱ ድርጊት 400 ጊዜ ተፈጽሟል ማለት ነው። ለመጠን የሚስማማው ቃል «እጥፍ» ነው።

«እጥፍ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ ያለ ቁጥር ሲነገር ሁለት ጊዜ ያህል ማለት ነው፤ «እጥፍ ከፈለ» ሲባል ማንም አይሳሳትም። ከቁጥር ጋር ሲሆን ማባዛትን ያመለክታል፤ «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚለውን ግን አንዱ ሦስት፣ ሌላው አራት እጥፍ ሆነ ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ሥራ «ጨመረ» የሚለውን ትቶ «400 እጥፍ ጎልቶ ታየ» ማለት ይበጃል። ቁጥሩም የሚገኘው በማባዛት ነው፤ ከዓይን በኩል ያለው ሌንስ 10 እጥፍ፣ ከናሙናው በኩል ያለው 40 እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ ውጤቱ 400 እጥፍ ነው።

ምኑ ነው 400 እጥፍ የሆነው? ርዝመቱ፣ እንዲሁም ወርዱ። እዚህ ላይ «ስፋት» የሚለው ቃላችን አደናጋሪ ነው፤ በዕለታዊ ንግግር ወርድን፣ በሒሳብ ክፍል ደግሞ ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘውን ይጠራበታል። «ስፋቱ 400 እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በሒሳቡ አጠራር ከተነበበ ተሳስቷል፤ የምስሉ ስፋት 400 ሲባዛ በ400፣ ማለትም 160,000 እጥፍ ነውና። ርዝመቱ 0.25 ሚሊሜትር የሆነ አንድ የሽንኩርት ህዋስ 400 እጥፍ ሲጎላ፣ ከዓይን 25 ሴንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ የ10 ሴንቲሜትር ነገር ያህል ሆኖ ይታያል። ተማሪዎችዎ ይህን በማስመሪያ ለክተው ቢያዩት ቃሉም ቁጥሩም አብሮ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው «ጎላ» የሚለው ግስ ራሱ ነው። ድምፅ ይጎላል፣ ጽሑፍ ይጎላል፣ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ በግሱ ውስጥ ግዝፈትና ግልጽነት አንድ ላይ ተቀምጠዋል። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ምስሉን ማግዘፍ አንድ ነገር ነው፤ ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት ሌላ። ጥሩ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ቢሆን እንኳ ከ0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት የተጠጉ ነጥቦችን መለየት አይችልም፤ ምክንያቱም ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በሌንሱ ሲያልፍ ጥቂት ስለሚሰራጭ ነው። ከዚያ ወሰን በኋላ ምስሉን የቱንም ያህል ብናገዝፈው የደበዘዘው ገዝፎ ይታያል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣም። ስለዚህ «ማጉላት» ለመጠኑ ይያዝ፤ ለሌላው «አጥርቶ የመለየት አቅም» የሚለውን አገላለጽ እመርጣለሁ።

«አጉሊ መነጽር» ስሕተት አይደለም። የእጅ ሌንስንም ማይክሮስኮፕንም ሰው በዚሁ ስም ይጠራል፤ የሌንሱ ብዛትም ስሙን አይወስንም፤ የኔዘርላንዱ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በማይክሮስኮፕ ታሪክ ስሙ የገነነው ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያ ይዞ ነውና። ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን በሚገኙበት ቤተ ሙከራ ግን «ማይክሮስኮፕ»ን ናሙና የሚቀመጥበት መድረክ ላለው፣ «አጉሊ መነጽር»ን በእጅ ለሚያዘው ቢለዩት አንባቢው አይደናገርም።

እግረ መንገዴን «አየሁ» እና «ተመለከትኩ» የሚሉትንም ላንሣ። «ተመለከተ» ዓይንን ሆን ብሎ ማሳረፍ ነው፤ «አየ» ደግሞ የተገኘው ውጤት። «ብዙ ተመልክቼ ምንም አላየሁም» ማለት የሚቻለው ለዚህ ነው። ከሽንኩርቱ ውስጠኛ ልጣጭ ላይ ስሱ ሽፋን ተልጦ፣ አዮዲን ጠብ ተደርጎበት፣ መሸፈኛው መስታወት በአንድ ጎኑ ነክቶ ቀስ ተብሎ ካልወረደ የአየር አረፋ ይገባል፤ ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር የሆነውን ያንን ክብ ህዋስ ነው ብሎ የሚስል ተማሪ ጥቂት አይደለም። በአንጻሩ እንደ ጡብ ተደርድረው የሚታዩት ህዋሳት ግድግዳቸውና በአዮዲን የቀለመው ኒውክለሳቸው ይለያል። ራይቦዞም የተባለው የህዋስ ቅንጣት ግን ከ0.03 ማይክሮሜትር አይበልጥምና በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ወስዶ «አየሁ» ብሎ መጻፍ የቋንቋም የሳይንስም ስሕተት ነው። ለእኔ ይህ ከ«ጊዜ» እና «እጥፍ» ይልቅ ከባዱ ነው።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢጻፍ ይስተካከላል፦ «የሽንኩርት ሽፋን በማይክሮስኮፕ 400 እጥፍ አጉልቼ ስመለከት የህዋሳቱን ግድግዳና ኒውክለስ አየሁ።» የብዙ ቁጥሩንም ልብ ይበሉ፤ «ህዋሳት» በግእዙ ሥርዓት አስቀድሞ የበዛ ስለሆነ «ህዋሳቶች» ድርብ ማብዛት ነው። «ህዋሶች» የሚለው የአማርኛ ማብዣ ግን ያስኬዳል፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሪፖርቱ ሁሉ መጽናት ነው።