ጎንደሬ ያለ ቡና? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

አዲሱ ልቦለዴ ከወጣ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ መሐል መንገድ ላይ እያስቆማችሁኝም ጠይቃችኋል። ሁሉንም አልችለውም፤ የተደጋገሙትንና የወደድኳቸውን መርጫለሁ። የመጽሐፉን ርዕስና ዋጋ እዚህ አልጽፍም። አምዱ ማስታወቂያ እንዳይሆን ከአዘጋጁ ጋር ተስማምተናል። የፈለገ ፒያሳ ያሉትን አዟሪዎች ይጠይቅ፤ እነሱ ከእኔ በላይ ያስተዋውቁታል።

ጋሼ፣ መጽሐፉ እስካሁን እጄ አልገባም። ባጭሩ ስለ ምንድን ነው? (ከአዘዞ)

ቁስቋም ግቢ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ጠጅ ጣይ ነው። ጊዜው የእቴጌ ምንትዋብ ነው። ጠጅ ጣይዋ ፈጠራ ናት፤ እቴጌዪቱና ግቢው ግን እውነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1730 አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ነገሠ፤ ምንትዋብም ዘውድ ጭነው አብረውት ገዙ። ኋላ ከፋሲል ግቢ ራቅ ብለው ቁስቋም ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ፍርስራሹ ዛሬም አለ። የጎንደር ልጅ ሆናችሁ እስካሁን ካልወጣችሁ እዘኑ፤ ከዚያ ውጡ።

የዘመኑን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ፣ ማን ወዴት እንደዘመተ ያውቃል። ያን ሁሉ መኳንንት ማን እንዳበላውና ማን እንዳጠጣው ግን ጸሐፊው ትንፍሽ አይልም። ግብሩ ተበላ ይላል፤ አለቀ። እኔ የገባሁት በዚያች ቀዳዳ ነው።

ጎንደሬ ነኝ ትላለህ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ ቡና አልተፈላም። ምን ዓይነት ጎንደር ነው ይሄ? (የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ከማራኪ)

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ካንተ መምጣቷ ደግሞ አልገረመኝም፤ ሦስተኛውን ሳትጠጣ የማትነሳ ሰው ነህ።

በእቴጌዪቱ ዘመን የጎንደር ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። ቡና፣ ጫትና ትምባሆ የሙስሊሞች ናቸው ተብለው ይታዩ ስለነበር ካህናቱ ያወግዟቸዋል። በቡና ላይ የነበረው ነገር የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ያለሱ ቀኑ የማይጀመረው ቡና ያኔ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ቢሸት ጉድ ይባል ነበር። ጀበናና ረከቦት ባስቀምጥላችሁ ታሪኩ ይሞቅ ነበር፤ ውሸት ይሆናል እንጂ።

ቡናው ግን ከከተማው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ለብቻቸው ሰፈር እንዲኖሩ በጉባኤ ተወሰነ። ሰፈሩ ዛሬም አዲስ ዓለም ብለን የምንጠራው ነው። ንግዱ በብዛት በእነሱ እጅ ነበር። ስለዚህ ጠጅ ጣይዋ ጨርቅ ልትገዛ ወደ አዲስ ዓለም ስትወርድ ቡና ሲቆላ ይሸታታል። አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጥቂት ትራመድና ነጠላውን ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች። ዞር ብላ ሰው እንዳላያት ታረጋግጣለች፤ ከዚያ አንዴ ሳብ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቡና ይኸው ነው። አንዲት አንባቢ እዚህ ጋ ሳቄ አመለጠኝ ብላኛለች። እኔም ስጽፋት ስቄያለሁ።

ታዲያ ምን ይጠጡ ነበር? ጠላ፣ ጠጅ፣ ብርዝ። ለዚህ ነው ጋኑ ላይ ብዙ ገጽ ያጠፋሁት። ጋን በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ እንዳይወጣ አፉ ይከደናል። የጠላ ጠማቂ እናት ያሳደገችው ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። እኔም ያወቅኩት ከቤተ መጻሕፍት አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ባህር ዛፍም የለም። ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ባህር ዛፉን በሙሉ በሐሳባችሁ ንቀሉት። በቦታው ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ትከሉ። የእኔዋ ጠጅ ጣይ ያየችው እሱን ነው።

ጋሼ፣ ፒዲኤፍ አለው? (በጣም ብዙ ሰው፣ ከየትም)

የለውም።

ቆጣ ያልኩ እንዳይመስላችሁ ምክንያቱን ልንገራችሁ። እዚህ አገር አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው ከኪሱ ነው። ተበድሮ፣ ወይም ዕቁቡን ለምኖ ቀድሞ ወስዶ። ወረቀት በየጊዜው ይጨምራል። የመጀመሪያው እትም ካልተሸጠ ሁለተኛ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ሕጉ እንኳ ከደራሲው ጋር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ቴሌግራም ላይ ገጹን በስልክ እያነሳ የሚለጥፈው ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «ደራሲውን ለማበረታታት ነው» ብሎ ከሥር ጽፎበታል! በርታ እንግዲህ።

አቅም ያጠራችሁ ተማሪዎች ካላችሁ ተዋጡና አንድ ግዙ። ለሃያ ተዋሱት። አልቀየምም።

ስለ አፄ ፋሲል ራሳቸው ለምን አይጽፉም?

ስለ አፄ ፋሲል አስጎብኚዎቻችን በየቀኑ ይተርካሉ፤ ከእኔም በላይ ያምርላቸዋል።

ጠጅ ጣይዋ በመጨረሻ አገባችው ወይስ አላገባችውም? እኔና ባለቤቴ ተከራክረናል። (ከባህር ዳር)

ተከራከሩ። እኔ የለሁበትም።

ቀጣዩ ሥራዎ ምን ላይ ደረሰ? ደግሞ የነገሥታት ዘመን ነው? (ጡረታ የወጡ መምህር)

የኔታ፣ ግማሹን አልፌያለሁ። የቀረው ሽቅብ ነው።

የነገሥታቱን ዘመን ትቻለሁ። አሁን ያለሁት በጣልያን ጊዜ ማብቂያ ላይ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን ሁላችንም እናከብረዋለን። ነገር ግን አዲስ አበባ እልል ስትል ጎንደር ገና ጣልያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ እዚህ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። አገሩ ነፃ ወጥቷል፤ እኛ አልወጣንም። ይህን ጊዜ ትምህርት ቤት ስንማር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍነው። እኔ ሙሉ ልቦለድ እየጻፍኩበት ነው።

ዋናው ሰው አርበኛ አይደለም፣ ባንዳም አይደለም። ፒያሳ ፉርኖ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ለጣልያኖቹ ዳቦ ይጋግራል። ከተማዋ ተከባለች። መኮንኖቹ በየቀኑ እናሸንፋለን ይላሉ። ልጁ ግን ዱቄቱን ያያል። ጆንያው እየሳሳ፣ ዳቦው እያነሰ፣ ቀለሙ እየጠቆረ ሲሄድ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ከጄኔራሉ እኩል የሚያውቅ እሱ ነው። ለማን እንደሚናገር አያውቅም እንጂ። ቢናገር በአንዱ በኩል ይሰቀላል፤ ዝም ቢል በሌላው በኩል ባንዳ ይባላል።

አሁን የያዘኝ አንድ ምዕራፍ ነው። የጣልያን ምሽግ የነበረው ወልቀፊት መስከረም ላይ ወደቀ። የመጨረሻው ትልቁ ምሽግ ቁልቋልበር ደግሞ ኅዳር 12 ወደቀ። ቀኑን ልብ በሉት፤ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። ከኅዳር በሽታ ወዲህ በየደጁ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚጨስበት ቀን። የልጁ እናት ደጇን ጠርጋ፣ ቅጠሉንና ጨርቁን ከምራ እሳት ትለቅበታለች። በሽታው በጭሱ ይሂድ ትላለች። ቁልቋልበር እንደወደቀ አልሰማችም። የፈጠራ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ከራሱ ቢፈጥር «አበዛኸው» ይባል ነበር። ቀን መቁጠሪያው ሲሰጠኝ ግን አልመልስም። ችግሩ፣ ምዕራፉን እናትየው ምንም ሳታውቅ መዝጋት አለብኝ፤ እኔ ደግሞ በጻፍኩት ቁጥር አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ይነግራታል። እሱን ሰው እያባረርኩት ነው።

ሌላው ጭንቅ የሰው ነው። ያኔ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ያገኘኋቸውን አዛውንቶች ስጠይቅ ስለ ጦርነቱ የሚሉት ጥቂት ነው። ወታደር ስለሰጣቸው ከረሜላ ግን ይነግሩኛል። የሰጣቸውን ወታደር መልክ ያስታውሳሉ። በዚያው አፍ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ የተሰቀለውን ጎረቤት ይነግሩኛል። እኔ ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ገጽ ቀድጃለሁ። አሁን አላስታርቅም፤ እንዳሉ ጎን ለጎን እተዋቸዋለሁ።

ጣልያን የሠራው ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ፒያሳ ላይ እንደቆመ ነው። ለምርምር ከቤቴ ሩቅ መሄድ የለብኝም፤ ይሄ አንድ በረከት ነው። መቼ ይወጣል? እንጃ።

ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ሦስት ነገር፣ እያፈራረቅኩ።

አንደኛው የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ከተማዋ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ ቁስቋም ግቢ ገብቶ ሕሙማን አክሟል። መጽሐፉ በአምስት ቅጽ የታተመው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790 ነው። ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ሲያወራ ለንደን ውሸታም አለችው። ይህን ሳነብ ሥጋ ቤት ተቀምጬ ቢሆን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ከቁም በሬ ቆርጠው በሉ ያለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኦሮሞ ዘማቾች የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው ለስንቅ እንደሚይዙም ጽፏል። ለማራኪው ጓደኛዬ ይድረስልኝ።

ከብሩስ ይልቅ የያዘኝ ግን አብሮት የመጣው ሰው ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፤ የቦሎኛ ሰው፣ ሠዓሊ። እ.ኤ.አ. በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ። ዕፅዋቱን፣ ወፎቹን የሣለው በብዛት እሱ ነው። ብሩስ አገሩ ሲገባ ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረባቸው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ጠጅ ጣይዋን ረሳ፣ ብሩስ ሠዓሊውን ዋጠው። እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ እጄን ይበላኛል። ፉርኖ ቤቱ እስኪያልቅ ግን ታግሼ ላስቀምጠው።

ሁለተኛው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባ። ሒሩት የምትባል ገረድ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከዘማቾቹ ጋር ስትወጣ የሚያሳይ ነው። እኔ በምጽፍበት ጦርነት ላይ እንዲህ የተጻፈ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈራል። ለዚህም ነው ምዕራፍ ስጽፍ የማላነበው፤ ሳርፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። 1958 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ገና አሁን? አትበሉኝ። መጀመሪያ ያወቅኩት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። አሁን የምመለስበት ለንግግሩ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሳ ነገር ሲያዞር፣ ሎሌው ዝም ሲል። ሎሌ ጌታው ፊት ምን እንደሚል መጻፍ ቀላል ነው። ምን እንደማይል ለመጻፍ ግን ሐዲስ ዓለማየሁን ማየት ይጠቅማል።

በኮምፒዩተር ነው የሚጽፉት?

በእስክርቢቶ፣ በተማሪ ደብተር። መብራት ቢሄድም ደብተሩ አይሄድም። ልጄ ትታይፕልኛለች፤ ትችቷን በነፃ ጨምራ።

የአያቴ የጣልያን ጊዜ ወረቀቶችና ሁለት ፎቶዎች ቤት አሉ። ለልቦለዱ ይጠቅምዎታል? ላምጣልዎት ወይስ ላሚኔት አስደርጌ ላስቀምጣቸው? (ከአራዳ)

ላሚኔት እንዳታስደርጊ! በሙቀት የተለጠፈ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም። ስኮችም አትለጥፊበት። ደረቅ ቦታ፣ በንጹሕ ወረቀት ለይተሽ አስቀምጪ። ፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ጽሑፍ ካለ በስልክሽ ፊቱንም ጀርባውንም አንሺ። አያትሽን የሚያውቅ ዘመድ በሕይወት ካለ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ሥራ ሲቀልሽ አትበዪ። ኦሪጅናሉን ለማንም አታውሺ፣ ለእኔም ጭምር። በስልክ ያነሳሽውን ከላክሽልኝ ይበቃኛል። ከወረቀቶቹ መሐል የዱቄት ወይም የዳቦ ራሽን የሚመስል ነገር ካገኘሽ ግን እሱን ቀድመሽ ላኪ።